የወንዝና የኩሬ ቀንድ አውጣዎች ብዛት በኢትዮጵያ

የወንዝና የኩሬ ቀንድ አውጣዎች ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥና በውሃ ዳር ረግረግ ላይ የሚኖሩ፣ ዛጎል ያላቸው ትንንሽ እንስሳት ናቸው። ይህ መጣጥፍ በተለይ ስለ ብዛታቸው ይናገራል፤ ይኸውም በአንድ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ቁጥራቸው ለምን እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ፣ የጠፉ ከመሰሉ በኋላም እንዴት ተመልሰው እንደሚመጡ ያብራራል። ሰውን የሚያጠቃው ቢልሃርዝያና ከብትን የሚያመነምነው የጉበት ትል ከዕድገታቸው አንዱን ክፍል የሚያሳልፉት በእነዚህ እንስሳት አካል ውስጥ ነው። ስለዚህ የቀንድ አውጣው ቁጥር የሚወጣበትና የሚወርድበት ምክንያት በሽታው የት አካባቢና በየትኛው ወር እንደሚበረታ ለማወቅ ይጠቅማል።

== ከፍታና ስርጭት ==

የኢትዮጵያ ቀንድ አውጣዎች ስርጭት ከሁሉ በላይ የሚወሰነው በከፍታ ነው። ከፍታው የውሃውን ሙቀት፣ ሙቀቱም የእንስሳውን ዕድገትና እንቁላል የመጣል ፍጥነት ይወስናል። ለዚህ ምዕራብ ሐረርጌ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ሂርና የቱሎ ወረዳ ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ከተማዋ ያለችበት የጨርጨር ደጋ ውሃ ከፊሉ ወደ አዋሽ፣ ከፊሉ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል። ከጭሮ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ሚኤሶን አልፎ ወደ አዋሽና መተሐራ ቆላ ሲወርድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሦስት ዓይነት የቀንድ አውጣ አገር ያቋርጣል ማለት ይቻላል።

በደጋው ቀዝቃዛ ረግረግ የሚገኘው ጋልባ ትሩንካቱላ የሚባለው ዝርያ ነው (በቆዩ መጻሕፍት ሊምኒያ ትሩንካቱላ ይባላል)። ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ከውሃው ውስጥ ይልቅ የሚወደው የምንጭ ዳርን፣ የረጠበ ጭቃንና የከብት ኮቴ የረገጠውን ጉድጓድ ነው። ይህ ዝርያ ፋሲዮላ ሄፓቲካ የተባለውን የጉበት ትል ያስተላልፋል። በቆላና በወይና ደጋ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ራዲክስ ናታሌንሲስ ደግሞ አፉ ሰፊ፣ ከመጀመሪያው ተለቅ ያለ ሲሆን፣ ፋሲዮላ ጂጋንቲካ የሚባለውን ረጅሙን ትል ይሸከማል። በኢትዮጵያ ከ1,200 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ከፍታ ሁለቱ ትሎች ይደባለቃሉ። ሂርናና ጭሮ የሚገኙት በዚህ መደባለቂያ የላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። ከከተማው ወደ ተራራው ሲወጡ ደገኛው፣ ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ቆለኛው ይመቸዋል።

ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ግን ሌሎች ናቸው። የአንጀት ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በአብዛኛው በባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ ነው። ይህ ዝርያ በኢትዮጵያ ወንዞችና ቦዮች በሰፊው ይገኛል፤ በሽታው በብዛት የሚታየውም በአመዛኙ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። የቅርብ ዘመዱ ባዮምፋላሪያ ሱዳኒካ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር፣ ለምሳሌ በዝዋይና በአባያ እንዲሁም በሐዋሳ አጠገብ በጥቁር ውሃ ተወስኖ ይኖራል። የሽንት ፊኛ ቢልሃርዝያ ከ800 ሜትር በታች ባሉ ቆላዎች፣ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆና በቤኒሻንጉል ኩርሙክ አካባቢ የታወቀ ነው። በአዋሽ አስተላላፊው ቡሊነስ አቢሲኒከስ ይባላል።

ዛጎሉን አይቶ ወገኑን መለየት አያስቸግርም። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ አፉ ወደ ተመልካቹ ሆኖ ሲያዝ አፉ በስተቀኝ ከሆነ ከጋልባና ከራዲክስ ወገን፣ በስተግራ ከሆነ ከቡሊነስ ወገን የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። ባዮምፋላሪያ ሹል ጫፍ የለውም፤ እንደተጠቀለለ ቀበቶ ጠፍጣፋ ነው። ደሙም እንደ ሰው ደም ኦክስጅን የሚይዝ ቀይ ንጥረ ነገር ስላለው አየር ባነሰበት ኩሬ ውስጥ እንኳ መኖር ይችላል።

በዝርያዎቹ ላይ ቀደምት ጥናት ካደረጉት መካከል እንግሊዛዊው ዴቪድ ብራውን ይጠቀሳል፤ ስለ ኢትዮጵያ የወንዝ ቀንድ አውጣዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ጽሑፍ አሳትሟል። በደጋው የተገኙት የቡሊነስ ወገኖች ለሥነ ዘር አጥኚዎች ትልቅ ግኝት ነበሩ። የተለመዱት ዝርያዎች 36 ክሮሞሶም ሲኖራቸው፣ በኢትዮጵያ ደጋ 72፣ 108 እንዲያውም 144 ክሮሞሶም ያላቸው ተገኝተዋል። ስማቸውም ይህንኑ ይናገራል፤ አንዱ ሄክሳፕሎይደስ (ስድስት እጥፍ)፣ ሌላው ኦክቶፕሎይደስ (ስምንት እጥፍ) ተብሏል። በእንስሳት ዓለም እንዲህ ያለ መደራረብ ብዙ ጊዜ አይታይም።

== አረባብ ==

እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ሁሉ ጾታቸው የተጣመረ ነው፤ እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ነው። ከሌላው ጋር መዳቀል ቢችሉም፣ ብቻውን የቀረ አንድ እንስሳ ራሱን አዳቅሎ ሊራባ ይችላል። ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የሚራባው በዚህ መንገድ ነው። በመሆኑም በወፍ እግር ጭቃ፣ በጎርፍ ወይም በውሃ ተክል ተጣብቆ ወደ አዲስ ኩሬ የገባ አንድ ቀንድ አውጣ ለአዲስ መንጋ መነሻ ይሆናል። የውሃው ጥራት፣ ምግቡና ሙቀቱ ከተስማማ ሌላ የሚጎድለው የለም።

ባዮምፋላሪያና ቡሊነስ እንቁላላቸውን በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 40 እያደረጉ እንደ ዝልግልግ ሙጫ ባለ ሽፋን ውስጥ ይጥላሉ። ሽፋኑ ከውሃ ተክል ቅጠል ሥር፣ ከድንጋይ ወይም ከወደቀ ላስቲክ ጋር ይጣበቃል። ጫጩቶቹ ከ6 እስከ 8 ቀን ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ ከ4 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜም ለመራባት ይደርሳሉ። አንድ እንስሳ በዕድሜው እስከ 1,000 እንቁላል ሊጥል ይችላል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ሊሄድ ቢችልም በወንዝ ውስጥ አብዛኞቹ ለዚያ አይደርሱም።

ቁጥሩን ከሚገድቡት ነገሮች ዋናዎቹ ሙቀትና ምግብ ናቸው። ውሃው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ዕድገትና እርባታ ይፈጥናል። ሲበርድ እንቁላል መጣል ይዘገያል፤ በጣም ሲሞቅ ደግሞ ሞት ይበዛል። ምግባቸው በቅጠልና በድንጋይ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ አተላና የበሰበሰ ቅጠል ነው። በሰከንድ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ብዙም አይገኙም፤ ሊጨብጡት የሚችሉት ነገር ስለማይኖር ተጠርገው ይሄዳሉ። በደጋ ጅረት ውስጥ የሚገኙትም ውሃው ከድንጋይ ጀርባ ዝግ በሚልበት፣ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበትና ልጆች በሚዋኙበት ጥልቅ ያልሆነ ሰፈፍ ላይ ነው። ሰውና ቀንድ አውጣ የሚገናኙት ሁለቱም አንድ ዓይነት ቦታ ስለሚመርጡ ነው።

== ዝናብ፣ ጎርፍና ድርቅ ==

የቁጥራቸው ዓመታዊ መዋዠቅ ከዝናቡ ጋር ይሄዳል፤ ሆኖም ሁሉም ዝርያዎች በአንድ አቅጣጫ አይሄዱም። ሐረርጌ የበልግና የክረምት ዝናብ ያገኛል። በጅረት ውስጥ ለሚኖረው ባዮምፋላሪያ ክረምት የመከራ ወቅት ነው፤ ጎርፉ ዋናውን መንጋ ጠርጎ ይወስደዋል፤ የድፍርስ ውሃው ጭቃም ምግቡን ይሸፍናል። ጎርፉ ካለፈና ውሃው ከጠራ በኋላ በዳርቻ የተረፉት መራባት ይጀምራሉ፤ በበጋው ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ መንጋው በጥቂት ኩሬዎች ይከማቻል። ይህም ሰውና ከብት ሌላ ውሃ በሚያጡበት ጊዜ ነው።

በረግረግ ለሚኖረው ጋልባ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ግጦሹ ይረጥባል፤ የኮቴው ጉድጓድ ሁሉ መኖሪያ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ በዝናብ ወቅት ያድጋል፤ በሣሩ ላይ የሚጣበቀው የትል ዘር የሚበዛውም በክረምቱ መጨረሻና ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው መሬት ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ያው ረግረግ በመሆኑ ከብቶች ወደዚያ ይሳባሉ።

ድርቅ ሁልጊዜ አይገድላቸውም። ኩሬው ሲደርቅ ብዙዎቹ ያልቃሉ፤ የተወሰኑት ግን ወደ ዛጎላቸው ገብተው በረጠበው ጭቃ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያሉ። በዚህ ቡሊነስ ከባዮምፋላሪያ ይበረታል። ዝናቡ ሲመለስ እነዚህ ጥቂቶች መንጋውን ያድሳሉ። ባዶ መስሎ የታየ ኩሬ ከሁለት ወር በኋላ ተሞልቶ ሲገኝ «ከየት መጡ?» የሚያሰኘው ይህ ነው።

== ከባሕር ቀንድ አውጣዎች ያላቸው ልዩነት ==

በባሕር ውስጥ በሚበቅለው የባሕር ሣር መስክ፣ ለምሳሌ በቀይ ባሕር ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በአመጋገባቸው ከወንዞቹ ጋር ይመሳሰላሉ። ብዙዎቹ የሣሩን ቅጠል ከመብላት ይልቅ በላዩ የሚለጠፈውን አተላ ይልጣሉ፤ ቅጠሉም ብርሃን እንዲያገኝ ይረዱታል። ልዩነቱ በአረባባቸው ላይ ነው። ከባሕሮቹ ብዙዎቹ ወንድና ሴት የተለያዩ ናቸው፤ ጫጩታቸውም በማዕበል ላይ ተንሳፎ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ በአንድ መስክ ላይ ያለው ቁጥር ከሩቅ በመጡ ጫጩቶች ሊሞላ ይችላል፤ እዚያ የተጣለው እንቁላልም ሌላ ቦታ ፍሬ ያፈራል። የወንዙ ቀንድ አውጣ ተንሳፋፊ ጫጩት የለውም፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ዛጎል የለበሰ ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። እያንዳንዱ ኩሬ የራሱን ሒሳብ ብቻውን ይሠራል ማለት ነው።

== ጥገኛ ትሎቹ በብዛቱ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ==

የአንጀት ቢልሃርዝያ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ሲገባ ሚራሲዲየም የተባለ ዋናተኛ ይፈለፈላል። ይህ ዋናተኛ በሰዓታት ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ በእንስሳው አካል ውስጥ ይባዛል፤ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ገደማ በኋላ ሰርካሪያ የሚባሉት ጭራ ያላቸው ዋናተኞች በየቀኑ በመቶዎች መውጣት ይጀምራሉ። የሚወጡት በተለይ ፀሐይ በምትበረታበት የቀኑ ክፍል ሲሆን የሰውን ቆዳ በስተው ይገባሉ።

ቀንድ አውጣው ከዚህ ጉዳት አያመልጥም። የተያዘ ባዮምፋላሪያ እንቁላል መጣሉን ይቀንሳል ወይም ያቆማል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ያም ሆኖ በአንድ ወንዝ ውስጥ ሰርካሪያ የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ጥቂቶቹ ብቻ ስለሆኑ የመንጋው ቁጥር በበሽታው ምክንያት አይወርድም። ለሰው ግን እነዚያ ጥቂቶች ይበቃሉ።

የጉበት ትል መንገድ ትንሽ ይለያል። በበግ ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ፋሲዮላ ሄፓቲካ በቀን ከ20,000 በላይ እንቁላል ሊጥል ይችላል። እንቁላሉ ከ10 ዲግሪ በታች አያድግም፤ በደጋ ብርድ የተላላፊነቱ ወቅት የሚያጥረው ለዚህ ነው። ከቀንድ አውጣው የወጡት ሰርካሪያዎች ቆዳ አይበሱም፤ ሣር ላይ ተጣብቀው ከረጢት ይለብሱና ከብቱ እስኪግጣቸው ይጠብቃሉ።

በሐረርጌ ይህ ልዩ መልክ አለው። የአካባቢው ገበሬ ሰንጋውን በመስክ ከማሰማራት ይልቅ አስሮ የማሽላና የበቆሎ አገዳ እያቀረበ ያደልባል። ከደረቅ ማሳ የመጣ አገዳ የጉበት ትል አያመጣም። አደጋው ያለው ከምንጭ ዳርና ከቦይ ጠርዝ ታጭዶ በሚመጣው እርጥብ ሣርና በሚጠጣው የኩሬ ውሃ ላይ ነው። ታስሮ የሚበላ በሬ ረግረጉን ረግጦ ባያውቅም ረግረጉ በሸክም ወደ ደጁ ሊመጣለት ይችላል። ለወራት የተለፋበት ሰንጋ ሥጋው እየሳሳ ይሄዳል፤ ሲታረድም ጉበቱ ይጣላል።

ሂርና ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌን የሚያገለግል የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ያለባት ከተማ ናት። የጉበት ትል በሕይወት ባለ ከብት ላይ በተለምዶ የሚታወቀው በፋንድያው ምርመራ ነው፤ እንቁላሉ ከባድ ስለሆነ ፋንድያው በውሃ ተበጥብጦ ተጣርቶ እንዲዘቅጥ ይደረግና ዝቃጩ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዘዴው ርካሽ ቢሆንም ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ድረስ ስለማያሳይ የበሽታው መጀመሪያ ያመልጠዋል።

== ቆጠራ ==

የቀንድ አውጣን ብዛት ለማወቅ የተለመደው መንገድ ረጅም እጀታ ያለው ወንፊት ይዞ በአንድ ቦታ ለተወሰነ ደቂቃ መዝገንና መቁጠር ነው። ውጤቱ የሚነገረው «በአንድ ሰው፣ በዚህን ያህል ደቂቃ፣ ይህን ያህል» ተብሎ ነው። ጠቅላላ ቁጥር ስላልሆነ ሊነጻጸር የሚችለው ቦታው፣ ሰዓቱና ከተቻለም ዝጋኙ ሰው አንድ ሲሆን ነው። ትክክለኛ ግምት ሲፈለግ የተያዙት ዛጎላቸው ላይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ተደርጎላቸው ይለቀቃሉ፤ በሚቀጥለው ዝገና ምልክት ያላቸው ስንት እንደሆኑ ታይቶ የመንጋው መጠን ይሰላል። በበሽታ መያዛቸውን ለማወቅ ደግሞ እያንዳንዱን ንጹሕ ውሃ ባለበት ትንሽ ብርጭቆ አስገብቶ ብርሃን ላይ ማቆየት ይበቃል፤ ሰርካሪያዎቹ ካሉ ወጥተው ሲዋኙ ይታያሉ።

== እንዶድና ሌሎች የመቆጣጠሪያ መንገዶች ==

እ.ኤ.አ. በ1964 የጅጅጋው ተወላጅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እንዶድ (በኦሮምኛ ሀንዶዴ፣ በትግርኛ ሽብቲ) ፍሬው እንደ ሳሙና የሚያገለግል ቁጥቋጦ ነው። የእንዶዱ አረፋ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በሙከራ ተረጋገጠ። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተሻለውን የእንዶድ ዓይነት በመምረጥ ከሠሩት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

በዐድዋ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው የእንዶድ ሙከራ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ልጆች ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በእነዚህ ሕፃናት ላይ ያተኮረው መለኪያ ብልህ ነበር፤ ትሉ በሰው ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር የአዋቂዎች ቁጥር የድሮውን በሽታ ጭምር ያሳያል፤ የሕፃናቱ ግን በሙከራው ዘመን የተያዙትን ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ቀንድ አውጣን በመርዝ መቆጣጠር አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ የሚከተለው የምሳሌ ስሌት ምክንያቱን ያሳያል። በአንድ ኩሬ 1,000 ቀንድ አውጣዎች ቢኖሩ፣ መርዙ ከመቶ 95ቱን ቢገድል፣ የተረፉትም በየሦስት ሳምንቱ እጥፍ ቢሆኑ፣ 50ዎቹ በ13 ሳምንት ገደማ ተመልሰው 1,000 ይሆናሉ። ከመቶ 99 ቢሞቱ እንኳ የቀሩት 10 ቀንድ አውጣዎች ያንኑ ቁጥር በ20 ሳምንት ይደርሱበታል። ለዚያ ሁሉ ተጨማሪ ድካም የተገኘው የሰባት ሳምንት እፎይታ ነው። በዚህ ላይ እንዶድ ትልልቆቹን ሲገድል እንቁላላቸውን በተመሳሳይ መጠን አይገድልም። ስለዚህ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ፣ ለመራባት ሳይደርሱ እንደገና መርጨት ያስፈልጋል። ኒክሎሳማይድ የተባለው ኬሚካል እንቁላሉንም ይገድላል፤ ነገር ግን ዓሣውንም አይምርም፤ ዋጋውም ውድ ነው።

በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል በሰው ውስጥ ያለውን የቢልሃርዝያ ትል ይገድላል። በኢትዮጵያ አገር አቀፉ የትምህርት ቤት ዕደላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። መድኃኒቱ በወንዙ ውስጥ ያለውን መንጋ አይነካም፤ ወደ ወንዙ የሚገባውን የትል እንቁላል ግን ይቀንሳል።

== መስኖና ግድብ ==

ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ ያለው የአዋሽ ሸለቆ የውሃ ሥራ የቀንድ አውጣን መንጋ እንዴት እንደሚለውጥ አሳይቷል። በመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ ረግረጎች ደረቁ፤ በዚያ ይኖር የነበረው ቡሊነስ አቢሲኒከስና አብሮት የነበረው የሽንት ፊኛ ቢልሃርዝያ ቀነሱ። በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ ቦዮች ግን ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ ተመቸው፤ ለሥራ ከደጋ የመጡ ሠራተኞችም የአንጀት ቢልሃርዝያን ይዘው መጡ። አንዱ በሽታ ሲለቅ ሌላው ቦታውን ያዘ። በምዕራብ ሐረርጌ በጫትና በአትክልት ማሳ አጠገብ ለሚቆፈሩ ኩሬዎችና ቦዮችም የሚሠራው ሕግ ያው ነው፤ ዝግ ያለ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ፣ ተክል የበቀለበት ውሃ ከተገኘ መንጋው ይበዛል፤ ቦዩ ከተጠረገ፣ ውሃው ከፈጠነና በየጊዜው እንዲደርቅ ከተደረገ ይቀንሳል።

በሴኔጋል ያው ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ እ.ኤ.አ. በ1986 የዲያማ ግድብ ከተጠናቀቀ በኋላ በከፍተኛ ደረጃ ተራብቶ ከባድ ወረርሽኝ አስከትሏል። ግድቡ የባሕሩን ጨዋማ ውሃ አገደ፤ ቀንድ አውጣ የሚበሉ የወንዝ ሽሪምፖች ከባሕር ወደ ላይ የሚጓዙበትንም መንገድ ዘጋ። በዚያው አገር ተመራማሪዎች የመንደር ውሃ መቅጃዎችን ከውሃ ተክል አጽድተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2023 አሳትመዋል፤ ተክሉ በተነሣበት ቦታ ልጆች ከታከሙ በኋላ ዳግም የመያዝ መጠናቸው ቀነሰ። የወጣው ተክል ለማሳ ማዳበሪያና ለከብት መኖነት ዋለ። የጉበት ትል ባለበት አካባቢ ግን ከውሃ የወጣ ተክል እርጥቡን ለከብት አይሰጥም፤ በሣሩ ላይ ከረጢት ለብሶ የሚጠብቀው የትል ዘር ድርቀትን ስለማይችል መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በደንብ መድረቅ ይኖርበታል።